ጓያ ለብቻው

ጠጋ በሉ። በሩ ሥር ያላችሁት ወደ ምድጃው ቅረቡ፤ ልጆቹንም መሐል አስገቧቸው። ቡናው እስኪፈላ አንድ ነገር ላውጋችሁ። ወጌ ስለ እግር ነው። ከእግር ተነሥቼ ዓይን ወደማያየው ጥቃቅን ቤት እገባለሁ፤ ከዚያም ዞሬ ወደ እናቶቻችን ጓዳ እመለሳለሁ። መንገዱ ጠመዝማዛ ይመስላል እንጂ አንድ ነው፤ ተከተሉኝ።

መንገድ ካልሁ አይቀር ከከተማችን ልጀምር። ይህች ፍኖተ ሰላም የምንላት ከተማ የቀድሞ ስሟ ወጀት ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ዓ.ም ከስደት ሲመለሱ በሱዳን ገብተው፣ በቡሬ አድርገው፣ ይህንኑ ምድር አቋርጠው ወደ ደብረ ማርቆስ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ አለፉ። የሰላም መንገድ የሚለው ስም ለከተማዋ የወጣላት ከዚያ መመለስ በኋላ ነው። በመንገድ ስም በተጠራች ከተማ ስላደግሁ ይሆን፣ መንገድ የተከለከለ ሰው ሳይ ሆዴ ይባባል።

ልጅ ሳለሁ ከቡሬ ወዲህ ካለ ገጠር በገበያ ቀን የሚመጡ አንድ ሰው ነበሩ። ሁለት ምርኩዝ ይዘው፣ በእግራቸው ጣት ብቻ መሬቱን እየነኩ፣ ጉልበት ከጉልበት እየተጋጨ፣ እግሮቻቸው እንደ መቀስ እየተጠላለፉ ይሄዳሉ። ከወገብ በላይ ሲያዩዋቸው ግን ደረታቸው ሰፊ፣ ክንዳቸው የገበሬ ክንድ፣ አነጋገራቸው የሽማግሌ ዳኛ አነጋገር ነበር። ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁት እንጃ፣ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ እግርዎን ምን ነካዎት?»

«ጓያ ሰበረኝ፣ ልጄ።»

«ጓያ እህል አይደለም እንዴ? እኛም ቤት ሽሮ ውስጥ ይገባል።»

«እህል ነው እንጂ። ከሌላው ጋር ሲሆን ያኖራል፤ ለብቻው ሲሆን ይሰብራል።»

ይህችን ቃል ያዙልኝ፤ ለብቻው የምትለዋን። ያን ጊዜ አልገባችኝም።

ታሪካቸው እንዲህ ነው። በጎልማሳነታቸው አንድ ክፉ ዓመት መጣ። ዝናቡ ቀድሞ ወጣ፤ ጤፉ ሳያፈራ ቀረ፤ ባቄላው ማሳው ላይ ደረቀ። ጥቁሩ አፈር ላይ የተዘራው ጓያ ብቻ አረንጓዴ እንደ ሆነ ቆመ። መጀመሪያ እሸቱን በሉ። ቀጥሎ ንፍሮውን፣ ቆሎውን፣ ቂጣውን። ቁርሱም ጓያ፣ ምሳውም ጓያ፣ እራቱም ጓያ ሆነ። ሁለት ወር አለፈ፤ ሦስተኛው ተያዘ። አንድ ቀን ሙሉ እንጨት ሲፈልጡ ውለው፣ ደክሟቸው ተኙ። ሌሊት ባታቸውን ጨመደዳቸው። ጧት ሊነሡ ሲሉ እግራቸው እንደ ግንድ ገትሮ አልታዘዝ አለ። ትኩሳት የለ፣ ቁስል የለ፣ አእምሯቸው እንደ ትናንቱ ብሩህ ነው። እግር ብቻ ከባለቤቱ ተለየ፤ እንደ ተለየም ቀረ።

አሁን ጓያን እንዳትረግሙት። ጓያ የድሃ ባለውለታ ነው። ክረምቱ ሲያልፍ፣ ውሃ ያቆረው ጥቁር አፈር ገና ጭቃ ሳለ ይዘሩታል፤ ዝናብ ቢርቅም በአፈሩ እርጥበት ያድጋል። ማዳበሪያ አይጠይቅም፤ እንዲያውም ለመሬቱ ናይትሮጅን ይተዋል። ከፍሬው ሩብ የሚሆነው ወይም ከዚያ የሚበልጠው ፕሮቲን ነው። ሌላው እህል እጅ ሲሰጥ እሱ ይቆማል። ችግሩ የሚመጣው ከዚሁ ደግነቱ ነው፤ ሁሉ ሲሞት እሱ ብቻ ስለሚተርፍ፣ የተራበ ሰው ገበታ ላይ ለብቻው ይቀርባል።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ እንዳይመስላችሁ። ስፔን ውስጥ አንድ ታላቅ ሠዓሊ ነበር፤ ስሙ ፍራንሲስኮ ጎያ። ስሙ ከእህላችን ስም ጋር መቀራረቡ እንዲያው የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ነገር ግን ይህ ጎያ ጓያን ስሎታል! እ.ኤ.አ. በ1811 እና በ1812 ማድሪድ በጦርነት ተራበች፤ ሕዝቡ የጓያ ዱቄት ገንፎ በልቶ ነፍሱን አቆየ። ጎያም የጦርነትን መከራ ባሳየባቸው ሥራዎቹ ውስጥ ገንፎውን የሚጠባበቁ ሰዎችን ቀረጸ፤ ርእሱንም ለጓያ ምስጋና ይሁን አለው። ምስጋናው እውነት ነው፤ ነፍስ አትርፏልና። ግን እዚያው ሥዕል ላይ መሬት ላይ የተጋደመች ሴት አለች።

እ.ኤ.አ. በ1942 ደግሞ ቫፕኒያርካ በተባለ የእስረኞች ሰፈር፣ ዛሬ ዩክሬን በምትባለው አገር፣ የታሰሩ አይሁዶች በየቀኑ የሚሰጣቸው ምግብ ጓያ ሆነ። ከእስረኞቹ መሐል አርተር ኬስለር የሚባል ሐኪም ነበር። የጓደኞቹ እግር ሲታሰር አይቶ ጥፋቱ ከእህሉ መሆኑን ለየ፤ ጮኸ፤ ተከራከረ። ያም ሆኖ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተሰበሩ። ኬስለር ከጦርነቱ በኋላም ከሞት የተረፉትን ለብዙ ዓመታት ተከታትሏቸዋል።

ወደ አገራችን እንመለስ። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ከባልደረቦቻቸው ጋር ከጣና ማዶና ወዲህ ባሉት በደምቢያና በፎገራ እየዞሩ የተሰበሩትን ቆጠሩ። እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት ከ1000 ሰው 6 ያህሉ የጓያ ስብራት እንዳለበት አሳዩ። ከዚያም በ1990ዎቹ አጋማሽ በሰሜን ወሎ፣ በደላንታና በዳውንት፣ ድርቅና በሽታ ሌላውን እህል አጠፉት፤ ጓያ ቀረ፤ 2000 ያህል ሰው ተሰበረ። አብዛኞቹ ወንዶች፣ ያውም ጉልበት ያላቸው ወጣቶች ነበሩ። ገበሬ ቤት ውስጥ ወጣት ወንድ ተሰበረ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም፤ ሞፈሩ ተሰበረ ማለት ነው።

እንግዲህ እህሉ ውስጥ ምን አለ? እ.ኤ.አ. በ1964 የህንድ ተመራማሪዎች መርዙን ለይተው አወጡት፤ ኦዳፕ ይባላል። ኦዳፕ መልኩ ግሉታሜትን ይመስላል። ግሉታሜት ደግሞ የአንጎል መልእክተኛ ነው፤ የነርቭ ህዋስ ደጃፍ ላይ ቆሞ ያንኳኳል፤ በሩ ይከፈታል፤ መልእክቱ ይደርሳል፤ በሩ ይዘጋል። ኦዳፕ ግን እንግዳ መስሎ የሚገባ ነው። ያንኳኳል፣ ያንኳኳል፣ በሩን አላዘጋም ይላል። በተከፈተው በር የካልሲየም ጎርፍ ይገባል።

አሁን ወደ ትንሹ ቤት ልንገባ ነው። ጠጋ በሉ።

በእያንዳንዱ ህዋሳችን ውስጥ ወፍጮ ቤቶች አሉ፤ ሚቶኮንድሪያ ይባላሉ። ከበላነው እህል የሚመጣው ጉልበት በእነዚህ ወፍጮ ቤቶች ከማሽን ወደ ማሽን እየተቀባበለ ይወርዳል። ማሽኖቹም በጉልበቱ ፕሮቶን የሚባሉ ቅንጣቶችን ወደ ውጭ ይገፋሉ። የተገፋው ፕሮቶን ተመልሶ ሲገባ፣ ውሃ የወፍጮ ጎማ እንደሚያዞር፣ አንዲት ፕሮቲን ያሽከረክራል። ይህችም ወፍጮ በሰኮንድ ከ100 ጊዜ በላይ እየዞረች ኤቲፒ የተባለውን የህዋስ ዱቄት ትፈጫለች። ፕሮቶን እንደ ውሃ መሆኑን ያስረዳው እንግሊዛዊው ፒተር ሚቸል እ.ኤ.አ. በ1978 የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል። አንድ ሰው በቀን የሚሠራውና የሚያጠፋው ኤቲፒ ቢመዘን የራሱን ክብደት ያህላል። ከአንጎል ተነሥቶ እግርን ወደሚያዘው የወገብ ሕብለ ሰረሰር የሚወርደው የነርቭ ክር ግማሽ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ ያን ሁሉ መንገድ በወፍጮ ቤት የታጀበ ነው። ወፍጮው ከቆመ መጀመሪያ የሚራበው ይህ ረጅም መንገድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1998 ቪጃያላክሽሚ ራቪንድራናት የተባለች የህንድ ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር አንድ ነገር አሳተመች። ወንድ አይጦች ኦዳፕ ሲሰጣቸው የመጀመሪያው የወፍጮ ማሽን፣ ኮምፕሌክስ አንድ የሚሉት፣ ይደክማል። የት? እንቅስቃሴን በሚያዘው የአንጎል ክፍልና በወገብ ሕብለ ሰረሰር ውስጥ። የእኒያን ሰው እግር የሚያዘው ስፍራ ማለት ነው። ማሽኑ የሚደክመው ሰልፈር ያለባቸው ክፍሎቹ እንደ ብረት ስለሚዝጉ ነው። ይህን ዝገት የሚያጥብ ኢንዛይም አለ፤ ግሉታሬዶክሲን ይባላል፤ በሴት አይጦች አንጎል ውስጥ ከወንዶቹ ይልቅ በብዛት ይገኛል። ወንዶች ለምን በዝተው እንደሚሰበሩ አንዱ ፍንጭ ይህ ነው።

እስካሁን ስለ ማሽን ነገርኋችሁ። ግን ወፍጮ ቤት በማሽን ብቻ አይሠራም። ሰው አለ፤ ሥርዓት አለ፤ ማን የት ይቁም የሚል አለ። እዚህ ላይ ነው እኒያን ባለ ሁለት ምርኩዝ ሰው እንደገና የምጠራቸው።

በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ጤፍ ሲደርስ፣ ደቦ የጠራ ሁሉ እሳቸውን በበቅሎ ያስመጣቸዋል። ከማሳው ራስ ላይ ቆዳ ተነጥፎላቸው ይቀመጣሉ። አንድ ነዶ አያጭዱም፤ ማጭድም አይጨብጡም። ዓይናቸው ብቻ ይሠራል። ፈጣኑን አጫጅ ከዘገምተኛው አጠገብ ያቆሙታል፤ ነዶ አሳሪዋን ከአጫጆቹ ኋላ ያስከትሏታል፤ ጠላ ቀጂው የት እንደሚቆም ያሳዩታል፤ የተጣሉ ወንድማማቾችን ያራርቃሉ። ክፍተት ሲያዩ ድምፃቸውን ያነሡና «ጠጋ በሉ!» ይላሉ። መስመሩ ይጠብቃል፤ ዘፈኑ ይሞቃል፤ ማሳው ሳይመሽ ያልቃል። እሳቸው በሌሉበት ቀን ያው ሰው፣ ያው ማጭድ፣ ያው ማሳ ሆኖ ሥራው ሲንዛዛ ይመሻል።

በህዋስም ውስጥ እንዲህ ያለ ፕሮቲን አለ። ሳይንቲስቶች ሕንፃ ሲሠራ በሚቆመው ርብራብ ይሰይሙታል፤ እኛ በባሕር ዛፍ የምናቆመውን ማለታቸው ነው። እኔ ግን አቀራራቢ ፕሮቲን እለዋለሁ፤ ሥራው ማቀራረብ ነውና። ራሱ አይፈጭም፣ አይቆርጥም፣ አያነድም፤ የሚሠሩትን በየቦታቸው ይይዛል እንጂ።

ከእነዚህ አንዱ ኤካፕ-1 ይባላል። አንድ ጫፉን በወፍጮ ቤቱ የውጭ ግድግዳ ላይ ተክሎ፣ በሌላው ፒኬኤ የተባለውን ኢንዛይም ይይዛል። ፒኬኤ ብርቱ ሠራተኛ ነው፤ ፎስፌት የምትባል ትንሽ ምልክት በሌሎች ፕሮቲኖች ላይ ይለጥፋል፤ ምልክቷም ለአንዱ ቁም፣ ለሌላው ተነሥ ማለት ናት። ነገር ግን ፒኬኤ በሁሉም ስፍራ አለ። በጉበት የተጠራቀመ ስኳር ያስፈታል፤ በልብ የምቱን ኃይል ይጨምራል። የሚሠራውን የሚወስነው የቆመበት ቦታ ነው። ኤካፕ-1 በወፍጮ ቤቱ ደጅ ሲያቆመው ወፍጮ ጠባቂ ይሆናል።

ምን ይጠብቃል? ዲአርፒ-1 የሚባል ቆራጭ አለ። ሚቶኮንድሪያን እንደ ጠፍር ተጠምጥሞ ይቆርጠዋል። በልኩ ሲሆን መቁረጥም ያስፈልጋል፤ ያረጀውን ለመለየት። ከልክ ሲያልፍ ግን ወፍጮ ቤቱ ይበጣጠሳል። ፒኬኤ በቆራጩ ላይ የቁም ምልክት ይለጥፍበታል፤ ወፍጮ ቤቶቹም ረጃጅም ሆነው፣ እርስ በርስ ተያይዘው፣ ጉልበት ይካፈላሉ። የካልሲየም ጎርፍ ሲገባ ሌላ ኢንዛይም መጥቶ ምልክቷን ይልጣል፤ ቆራጩ ይለቀቃል። ስለዚህ በጭንቅ ሰዓት ፒኬኤ ቦታው ላይ መገኘቱ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። ኤካፕ-1 በዚህ አያበቃም፤ ኦክስጅን ዝገት እንዳያበዛ የሚከላከለውን ኢንዛይም የሥራ ትእዛዝም ይዞ ወደ ወፍጮ ቤቱ ያስጠጋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ ይህ አቀራራቢ የሌላቸው አይጦች ወደ አንጎላቸው የሚሄደው ደም ሲቋረጥ ከሌሎቹ የከፋ ጉዳት እንደሚደርስባቸው አሳይቷል።

እና ክፉ ቀን ሲመጣ ምን ይሆናል መሰላችሁ? ኦክስጅን ሲያጥር ሲያህ-2 የተባለ ፕሮቲን ይነሣና አቀራራቢውን እንዲፈርስ ያደርገዋል። ይህ እ.ኤ.አ. በ2008 ታውቋል። ክፉ ቀን የሚቀድመው ወደ ማሽኑ አይደለም፤ ማሽኑን ወዳያያዘው ነው።

አሁን ደግሞ ሌላውን ጎን ልንገራችሁ፤ መቀራረብ ሁሉ በጎ አይደለምና። በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሌላ አቀራራቢ አለ፤ ስሙ ሳብ ይባላል። በእኛ ቋንቋ ሳብ ስንል ጎትት ማለታችን ነው፤ ይህም ፕሮቲን እንደ ስሙ ይስባል። የሚስበው ጄኤንኬ የተባለውን፣ ህዋስ ሲጨነቅ የሚነሣ ኢንዛይም ነው። ጄኤንኬ ሳብ ላይ ሲያርፍ ወፍጮው ይደክማል፤ ዝገት የሚያመጣው ኦክስጅን ይበዛል፤ ብዛቱ ጄኤንኬን እንደገና ያስቆጣዋል። እሳት እሳትን ጠራ ማለት ነው። ሁላችን የምናውቀው ፓራሲታሞል ከልክ ሲያልፍ ጉበት የሚያጠፋበት አንዱ መንገድ ይህ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ተመራማሪዎች በአይጥ ጉበት ውስጥ ሳብን ሲቀንሱት መድኃኒቱ ያን ያህል ጉዳት ማድረስ አልቻለም። እኒያ ሰው የተጣሉ ወንድማማቾችን በደቦ መስመር ያራርቁ ነበር አላልኋችሁም? ጥበቡ ማን ከማን አጠገብ ይቁም በሚለው ላይ ነው።

በቃ፣ ከትንሹ ቤት ወጣን። አሁን ወደ ጓዳ።

ልጆች ሳለን ጓያ ሲቀቀል እናቶቻችን ያርቁን ነበር፤ እንፋሎቱ ይሰብራል ይባል ነበርና። በጓያ ማሳ መሐል ማለፍም የሚፈራ ነበር። እንፋሎቱ አይሰብርም፤ ማሳውም አይሰብርም፤ የሚሰብረው መብላቱ ነው። ነገር ግን እነዚሁ እናቶች ሳይማሩ ያወቁት ሌላ ነገር አለ። ጓያውን ያጥቡታል፤ ዘፍዝፈው ውሃውን ይደፉታል፤ ከአተርና ከባቄላ ቀላቅለው ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዝንጅብሉ፣ ከበርበሬው ጋር ሽሮ ያደርጉታል። ኦዳፕ በውሃ ይሟሟል፤ ከሚደፋው ውሃ ጋር ብዙው ይሄዳል።

ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁን በደላንታና በዳውንት የተሰበሩትንና ያልተሰበሩትን ጎረቤታሞች ጓዳ ከባልደረቦቻቸው ጋር መረመሩ። ጓያን እሸት፣ ቆሎና ንፍሮ አድርገው የበሉት ይበልጥ ተሰብረዋል። ከእህል ቀላቅለው፣ አብኩተው፣ ቅመም አግብተው የበሉት ይበልጥ ተርፈዋል። ውጤቱ ዘ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2003 ሲወጣ መልእክቱ ግልጽ ነበር፤ በረሃብ ጊዜ እህል ቶሎ ይድረስ፤ ጓያው ላይ የሚቀላቀል እህል ይገኝ።

ለምን እህል? ወደ ዝገቱ መልሳችሁ አስቡ። ወፍጮውን ከዝገት የሚያጥቡት ነገሮች የሚሠሩት ሰልፈር ካላቸው የፕሮቲን ክፍሎች ነው። ጓያ በእነዚህ ድሃ ነው፤ ጤፍ፣ ገብስ፣ በቆሎ፣ ስንዴ ያላቸው ይበልጣል። ከአጠገቡ እህል ሲቆም መርዙም መድኃኒቱም አብረው ይገባሉ። እህሉ ሲጠፋ መርዙ ለብቻው ይገባል። እኒያ ሰው በገበያው ዳር የነገሩኝ ይህን ነበር።

ስለዚህ አደራ አለብን። ጓያን ያለ ሌላ እህል ለሳምንታት አታብሉ፤ ይልቁንም ቀን ሙሉ የሚያርስ ወጣት ያለበት ቤት። ዘፍዝፉት፤ ውሃውን ድፉት፤ በብዙ ውሃ ቀቅላችሁ እንደገና ድፉት፤ ቀላቅሉት። ዝናቡ ቀድሞ የወጣበትን ቀበሌ ያየ፣ ማሳው ላይ አረንጓዴ ጓያ ብቻ የቀረበትን መንደር ያየ፣ ዝም አይበል። ያ አረንጓዴ ሲታይ ያማረ ነው፤ ማስጠንቀቂያም ነው። በዚሁ በጎጃም፣ በዓዴት የግብርና ምርምር ማዕከል፣ መርዙ ያነሰ ዘር ሲሞከር ኖሯል፤ ይበል ያሰኛል። ግን ዘሩ እስኪዳረስ ድረስ የሚያድነው ጎተራ የሚያካፍል ጎረቤት ነው። የተሰበረ እግር አይመለስም፤ የሚሰበረውን ማትረፍ ግን በእጃችን ነው።

አንድ ነገር ብቻ ነግሬአችሁ ልጨርስ። አንድ ታኅሣሥ አጨዳው አልቆ፣ ደቦው በአንድ መሶብ ዙሪያ ሊቀመጥ ሲል ነበርሁ። እኒያ ሰው እንደ ልማዳቸው «ጠጋ በሉ» አሉ። ሰው ጠጋ አለ። እንጀራው ላይ ሽሮው ፈሰሰ። ባለቤቲቱን አጠገቧ ሆኜ ሰምቻታለሁ፤ ባቄላ፣ አተር፣ ጥቂት ጓያ አለበት ስትል። ደነገጥሁና ወደ እሳቸው ዘወር አልሁ።

«አባባ፣ ጓያ እኮ አለበት!»

ምርኩዞቻቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣ በሰፊው እጃቸው አንድ ጉርሻ ጠቀለሉ፤ መጀመሪያ ለእኔ አጎረሱኝ።

«ዛሬ ለብቻው አይደለም» አሉና ራሳቸውም ጎረሱ።